ቆዳ ላይ የወጣውን ነገር እንዴት እንየው? እንዴትስ እንግለጸው?

ጎንደር ውስጥ ቆዳ ላይ የወጣ ነገር ስም አጥቶ አያድርም። ከንፈር ላይ ከሆነ “ምች ነው” ይባላል። ጉንጭ ላይ ከሆነ ቁንጭር ነው። ክብ ከሆነ ጭርት፣ የሚያሳክክ ከሆነ እከክ። ስም እንደወጣለት ቅባት ይገዛል ወይም ቅጠል ይጨመቃል። አንዳንዴ ግምቱ ልክ ይሆናል። ልክ ሳይሆን ሲቀር ግን ወራት ያልፋሉ። ሰውየው ጤና ጣቢያ ሲደርስ የመጀመሪያው መልክ በቅባትና በቃጠሎ ተለውጧል። በጤና ሙያ እንደምሠራ ሰው በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ በጊዜ ቢታይ በቀላሉ ይታከም የነበረ ነገር ፊት ላይ ጠባሳ ትቶ ሲያልፍ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስም ከማውጣታችሁ በፊት ያያችሁትን ግለጹ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለወላጅ፣ ለመምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ደባርቅ ወይም ጭልጋ ያለ ዘመዱን በስልክ ለሚረዳ ሰው ነው። ሐኪም አያደርጋችሁም። ሐኪሙ የሚጠቀምበትን መረጃ ግን በእጃችሁ ያስገባል።

1. በቀን ብርሃን፣ በንጹሕ ቆዳ ላይ እዩ

የማታ አምፖል ቀለም ያሳስታል። ሰውየውን መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ አስቀምጡት። ቀጥታ የቀትር ፀሐይ ግን አይመከርም፤ ቆዳው ያብረቀርቅና ዝርዝሩ ይጠፋል።

ላዩ ላይ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ የዳማከሴ ጭማቂ ወይም ቅባት ካለ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ቀስ ብላችሁ አጽዱት። ቅርፊቱን ግን በጥፍር አትላጡ። እጃችሁን በፊትም በኋላም ታጠቡ፤ የሚፈስ ነገር ካለ ጓንት አድርጉ።

ታላቅ ሰው ስታዩ አስፈቅዱ። “እማማ፣ ካልከበደዎት ነጠላዎን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ትከሻዎን ልየው” ማለት በቂ ነው። ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ ቢታይ ብዙ ነገር ይገለጣል። ሰው የሚያፍርባቸው ቦታዎች፣ ማለትም ብብት፣ ጡት ሥር፣ ብሽሽት፣ መቀመጫ፣ ብዙውን ጊዜ ዋናው መልስ ያለባቸው ናቸው።

2. መጀመሪያ ከራቅ ብላችሁ

ሰው የሚያሳየው የሚያስጨንቀውን ቦታ ብቻ ነው። እናንተ ግን ከራስ ቅል እስከ ውስጥ እግር እዩ። ጆሮ ጀርባ፣ የጣት መሃል፣ የእጅ አንጓ፣ ጥፍር፣ የአፍ ውስጥ አይቅር።

ከዚያ ጠይቁ። አንድ ቦታ ብቻ ነው ወይስ ብዙ? በሁለቱም ጎን ነው ወይስ በአንድ ጎን? በልብስ የተሸፈነው ላይ ነው ወይስ የተገለጠው? ተራ በተራ በመስመር ተደርድሯል፣ በክብ ተሰብስቧል ወይስ እንዲሁ ተበትኗል? ደረት ወይም ወገብ ላይ በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ተሰብስቦ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ከመውጣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ሕመም ከነበረው፣ ሐኪሙ ቶሎ የሚያስበው አልማዝ ባለጭራን ነው። ይህን ካያችሁ አትዘግዩ። የቫይረስ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ነው። ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ደግሞ ዓይን ሊነካ ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

3. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ዳስሱ

ይህ ደረጃ የመመሪያው ልብ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ዓይን ቀለም ይከተላል። ጣት ግን ከፍታን፣ ጥንካሬን፣ ሙቀትን ይለያል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከቆዳው እኩል ነው ወይስ ከፍ ብሏል?

እኩል ከሆነና የተለወጠው ቀለም ብቻ ከሆነ፣ ጣት ምንም አያገኝም። ትንሽ ከሆነ ነጠብጣብ፣ ሰፊ ከሆነ ጠፍጣፋ ሰፊ ምልክት በሉት። ቋቁቻ፣ ለምጽና ማዲያት ከዚህ ወገን ናቸው። ቋቁቻ ግን በጥፍር ቀስ ብለው ሲፍቁት ላዩ ደቃቅ ብናኝ ይረግፋል። ለምጽ አይረግፍም፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው።

ከፍ ካለ፣ ጠጣርና ትንሽ ከሆነ ጉብታ ነው። ሰፊ ሆኖ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ “ሰፋ ያለ ከፍታ” ብላችሁ ጻፉ። በሁለት ጣት ስትይዙት ወደ ውስጥ ሥር የሰደደ ከሆነ ጓጎላ ነው። ጓጎላውን ገፋ አድርጉት። ከቆዳው ጋር ይንቀሳቀሳል? ወይስ ከሥሩ ተጣብቋል? ይህችን ብትጽፉ ሐኪሙ ያመሰግናችኋል።

ውስጡ ፈሳሽ ካለ ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ ደም ነው ወይስ መግል? “ውሃ ቋጥሯል” እና “መግል ቋጥሯል” የሚሉት ሁለቱ ሐረጎች ሕክምናውን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይወስዱታል። አታፍርጡት። ራሱ ከፈረጠ መቼ እንደፈረጠ ጻፉ።

አንድ ሌላ ዓይነት ከፍታ አለ፤ እንደ ሰንበር ድንገት አብጦ በጣም የሚያሳክክና ቦታ የሚቀያይር። ይሄን ለማረጋገጥ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩበትና ሰዓቱን ጻፉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያ ቦታ ምንም ምልክት ሳይተው ከጠፋ፣ ሌላ ቦታ ቢወጣም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ መሰል ሽፍታ ነው። በዚያው ቦታ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ሌላ ነገር ነውና ይታይ።

4. ለኩ

“ትንሽ ነው” የሚል ቃል ለማንም አይጠቅምም። የተማሪ ማስመሪያ ውሰዱና ረጅሙን ጎን በሴንቲ ሜትር ለኩ። አንዳንድ መጻሕፍት ትንሹን ከትልቁ የሚለዩት በግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ሌሎች በ1 ሴንቲ ሜትር ነው። እናንተ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። ማስመሪያ ከሌለ “ምስር ታክላለች” ማለትም ከምንም ይሻላል። ብዙ ከሆኑ ደግሞ ትልቁንና ትንሹን ለኩ፤ በግምት ስንት እንደሆኑም ጻፉ።

5. ቀለሙን ከራሱ ቆዳ ጋር አስተያዩ

ብዙ የሕክምና ሥዕሎች የተሠሩት በነጭ ቆዳ ላይ ነው። እዚያ “ቀይ” የተባለው እኛ ቆዳ ላይ ቀይ ላይመስል ይችላል። ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ “አልቀላም፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን አይደለም” አትበሉ። በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላው ጎን ጋር አስተያዩ። ቆዳው ማብረቅረቁን፣ መወጠሩን፣ መጠንከሩን እዩ። ቀለሙ ከሰውየው ቆዳ ይጠቁራል? ይፈዝዛል? ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው? እንዲህ ጻፉት።

የብርጭቆ ፍተሻም አለ። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ ብርጭቆ ወስዳችሁ ቦታውን ጫን በሉ። ቀለሙ ከጠፋ ደሙ በደም ሥሩ ውስጥ ነው። ጫን ብላችሁም ወይን ጠጅ ቀለሙ ካልጠፋ ደም ከደም ሥሩ ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህን በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ ፈልጉት። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ከትኩሳት ጋር፣ በተለይ ከራስ ምታትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል መግለጫ መጻፉን ተዉትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

6. ላዩን እና ጠርዙን እዩ

ላዩ ልሙጥ ነው? ደርቆ ይረግፋል? የደረቀ ፈሳሽ ቅርፊት ሠርቷል? ቅርፊቱ እንደ ማር ቢጫ ነው ወይስ ጥቁር? ቆዳው ላዩ ብቻ ተልጧል ወይስ ጎድጉዶ ቁስል ሆኗል? ተሰንጥቋል? ከብዙ ማከክ ወፍሮ ሻክሯል?

ጠርዙ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጭርት አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይረግፋል፣ መሃሉ ደግሞ እየዳነ ይመስላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቤቱ ይዞራሉ። ጭርት ላይ ሲቀቡ ማሳከኩ ቶሎ ይቆማል። ሰውም “ለቀቀኝ” ይላል። ጭርቱን ያመጣው ፈንገስ ግን ከታች ይስፋፋል፣ ያ የታወቀ ክብ ጠርዝም ይጠፋና ባለሙያውንም ግራ ያጋባል። ስለዚህ ማንኛውም ቅባት ከተቀባ ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ። ያለቀ ቢሆንም።

በልጆች ራስ ላይ ፀጉር ተሰባብሮ ክብ ራሰ በራ ካያችሁና ቆዳውም ከረገፈ፣ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። እሱን በቅባት ብቻ ማዳን አይቻልም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

7. ይበላል? ያማል? ወይስ አይሰማም?

“ይበላል” ካሉ መቼ እንደሚበላ ጠይቁ። ሌሊት የሚብስ፣ በጣት መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያና በብሽሽት ያለ፣ ሌላም የቤት ሰው የሚያሳክከው ከሆነ እከክን ጠርጥሩ። ሕፃናት ላይ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ራስ ላይም ይወጣል። መጀመሪያ ሲይዝ ምልክቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል “እኔ ምንም የለኝም” የሚለው የቤት ሰውም አብሮ መታከም አለበት፣ በአንድ ቀን። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ እንደተዛመተ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ውሃ ሲጠፋና ሰው ሲተፋፈግ የሚመጣ እንጂ የማንም ነውር አይደለም።

የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ፈዘዝ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት አይታችሁ ሰውየው “አያመኝም፣ አያሳክከኝም” ካለ በጥጥ ፈትሹ። ጥቂት ጥጥ ጫፉን አሹሉና መጀመሪያ ዓይኑን እንደከፈተ ጤነኛ ቆዳ ላይ ንኩት፣ እንዲለምደው። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍንና የነካችሁትን ቦታ በጣቱ ያሳይ። ጤነኛውን እያወቀ ምልክቱ ላይ ሲነካ ካላወቀ ሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ ይመርመር። መርፌ አትጠቀሙ። ሥጋ ደዌ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት፣ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ሰውን ከቤት ለማራቅ ምክንያት የለም።

8. ታሪኩን ጠይቁ

መቼ ጀመረ? ሲጀምር ምን ይመስል ነበር? እየሰፋ ነው? ከዚህ በፊት ታይቶ ያውቃል? በቅርቡ አዲስ መድኃኒት ተወስዷል? የት ነበርክ፣ ምን ስትሠራ?

የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አካባቢ ወርቅ ነው። ደጋው፣ ገደልና ዋሻ፣ ሽኮኮ የሚርመሰመስበት ቦታ የሚኖር ሰው ፊቱ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ፣ የማያም፣ ቅርፊት የያዘ ጉብታ ካለው ቁንጭርን አስቡ። ተሐዋሲዋ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምትመጣው በደቃቃ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። ዝንቧ ድምፅ የላትም፣ የምትነክሰውም በአብዛኛው ሲመሽና ሌሊት ነው። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ሳምንታት ወይም ወራት ስለሚያልፉ ንክሻውን የሚያስታውስ የለም። አፍንጫ ውስጥ ከገባ መደፈንና መድማት ያመጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ሳይቆስል ብዙ ጓጎላ ሆኖ ይሠራጫልና ሥጋ ደዌ ይመስላል። ለዚህ ነው ከቁስሉ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት ያለበት። በሚያቃጥል ቅጠል መተኮስ ግን ተሐዋሲዋን ስለማጥፋቱ ዋስትና የለውም፤ ጠባሳውን ግን በእርግጠኝነት ያብሳል።

ወደ መተማ ወይም ሁመራ ቆላ ለሥራ ወርዶ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ የውስጥ አካል በሽታ) ታክሞ የነበረ ሰው በሕክምናው ጊዜ ወይም ካበቃ በኋላ አፉ ዙሪያና ፊቱ ላይ ጉብታ ካወጣ ያንን ታሪክ በግልጽ ተናገሩ። ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ከካላዛሩ ጋር የተያያዘ ነው።

የሞተ ወይም የታመመ ከብት ያረደ፣ ሥጋ የበለተ ወይም ቆዳ የገፈፈ ሰው ክንዱ ላይ የሚያሳክክ ጉብታ ወጥቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ በቀናት ውስጥ መሃሉ የማያም ጥቁር ቅርፊት ከሆነና ዙሪያው ካበጠ አባ ሰንጋን ጠርጥሩ። አትቁረጡት፣ አትጭመቁት። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን ዛሬ መሄድ አለበት።

9. ፎቶ አንሡ

ሁለት ፎቶ ይበቃል። አንዱ ከራቅ ብሎ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ የሚያሳይ፣ አንዱ ቀረብ ብሎ። አጠገቡ ማስመሪያ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ፍላሹን አጥፉ፣ የስልኩን ካሜራ በጨርቅ ጥረጉ፣ ቀለም የሚያሳምር ፊልተር አትጠቀሙ። ፊትና የግል አካል ያለበት ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አይላክ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ላይማ በፍጹም። ፎቶ መግለጫውን አይተካም፤ ጥንካሬና መደንዘዝ በፎቶ አይታዩም።

10. በአንድ አንቀጽ ጻፉት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቦታ፣ ብዛት፣ ከፍታ፣ መጠን፣ ቀለም፣ ላዩ፣ ጠርዙ፣ ስሜቱ፣ ጊዜው፣ ታሪኩ። ለምሳሌ፦

“የ9 ዓመት ልጅ፣ ከደባርቅ ገጠር። ግራ ጉንጩ ላይ አንድ ሰፋ ያለ ከፍታ፣ 2 ሴንቲ ሜትር። ከቆዳው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ መሃሉ ቡናማ ቅርፊት አለው፣ ጠርዙ ጠጣር። አያምም፣ አያሳክክም፣ ሲነካ ይሰማዋል። በትንሽ ጉብታ ጀምሮ 4 ወር ሆኖታል። ቅጠል ተደርጎበታል። አፍንጫው አልተደፈነም። ከቤት ሌላ ሰው የለበትም።”

በሽታ አልተሰየመም። ግን ይህን ያነበበ ሐኪም ምን እንደሚመረምር ያውቃል። በ“ምች መሰለን” እና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ለልጁ የወራት ልዩነት ነው።

ሳትጽፉ የምትሮጡባቸው

መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ቆዳው የሚላጥ ወይም ውሃ የሚቋጥር፣ አፉ፣ ዓይኑ ወይም ብልቱ የቆሰለ ሰው። ይሄ በተለይ እንደ ኮትሪሞክሳዞል ባሉ የሰልፋ መድኃኒቶችና በአንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ይታያል። ከንፈርና ምላስ አብጦ መተንፈስ ያቃተው። በሰዓታት የሚሰፋ፣ የሚያተኩስ፣ ከመልኩ በላይ የሚያም እብጠት። ውሃ የቋጠረ ወይም ትኩሳት ያለው አራስ።

ቀስ ብሎ የሚመጣ ግን የማይናቅ አንድ ነገር ልጨምር። የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው አይይዝም የሚባለው ልክ አይደለም። በእኛ ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ጥፍር ላይ የሚሰፋ ጥቁር መስመር፣ ውስጥ እግር ላይ የማይድን ቁስል ወይም ቅርጹን የሚቀይር ጥቁር ምልክት ካለ ይታይ።

የት ትወስዱታላችሁ?

መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር ከዚያ ይጻፋል። ጎንደር በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ባለሙያ ማሠልጠኛነት ነው የተጀመረው። ሆስፒታሉ የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው፣ የሊሽማንያ በሽታ (የቁንጭርና የካላዛር) የምርምርና የሕክምና ማዕከልም እዚያው ይገኛል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መጠመቁን አይተውም፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

የጻፋችሁትን ወረቀት፣ የቅባት ቱቦዎቹንና የሚውጠውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ያዙ። ጠዋት ስትወጡ ቁስሉ ላይ ምንም አትቀቡ። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሳንቲም ፎቶ አንሡና ለኩ። ከሰፋ፣ አዲስ ከወጣ ወይም መግል ከያዘ ቀጠሮው ባይደርስም ተመለሱ።